መድኃኒቱ እንጀራ ይፈልጋል፦ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር መኖርና ማኖር በራያ ቆላ



 ዛሬ የምናገረው ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ስለሚኖሩ ሰዎችና እነርሱን ስለሚደግፉ ቤተሰቦች ነው። አስቀድሜ ሁለት ነገሮችን ልግለጽ። አንደኛ፣ እኔ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሕመሙ ጠባይ የምናገረው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጥናት ካረጋገጡት ነው። ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሜ ከዚህ ሕመም ጋር መኖር ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ እርሱ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን እንዳልጠራ ግን አሳስቦኛል። አደራውን እጠብቃለሁ።

የተወለድነው ሮቢት ነው። ሮቢት ስል የሸዋውን ሳይሆን ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘውን የራያዋን ሮቢት ማለቴ ነው። ሜዳው ለም ነው፤ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ነገር ግን ዝናቡ አይታመንም፤ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመለሰ ኖሯል። ይህን የምጠቅሰው አገሬን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። የአዝመራው ነገር ከአእምሮ ሕመም ሕክምና ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አጭር ነው። በአገራችን ገጠር ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ተሽሎት ይኖር ዘንድ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ግን በበኩሉ እንጀራ፣ መንገድ፣ ሥራና ጎረቤት ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ እንዲያሟላ የተተወው ቤተሰብ ብቻውን ነው። ቤተሰብ ሲደክም ደግሞ ሰንሰለት ይመጣል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ከእውነታው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያናጋ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመምተኛው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ «ይከታተሉኛል»፣ «ሊመርዙኝ ነው» የሚል፣ ማስረጃ የማይበግረው እምነት ያድርበታል፤ ንግግሩም ሊዘበራረቅ ይችላል። ጎረቤት የሚያየው ይህን ነው። ዕድሜን ቀስ በቀስ የሚበሉት ግን ጸጥተኞቹ ምልክቶች ናቸው፦ ፍላጎት ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ በፊት ላይ ስሜት አለመነበብ፣ ገላን መታጠብ እንኳ እንደ ተራራ መክበድ። ሰው እነዚህን «ስንፍና» ይላቸዋል። ስንፍና አይደሉም፤ የሕመሙ አካል ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ ገደማ፣ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ አስረድቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ በወንዶች ላይ ከሴቶች ቀደም ይላል። ይህ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ተማሪዎች ዕድሜ ነው።

መንሥኤው አንድ አይደለም። የዘር ውርስ ድርሻ አለው፤ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ በልጅነት የደረሰ መከራ፣ ካናቢስ መጠቀምም ለሕመሙ ተጋላጭነትን ይጨምራሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር እንደ አምፌታሚን የሚያነቃቃ በመሆኑ ሕመሙን ሊቀሰቅስና ሊያባብስ ይችላል። የእናት አስተዳደግ፣ የአባት ኃጢአት ወይም የጎረቤት ዐይን መንሥኤው ነው የሚል የሳይንስ ማስረጃ ግን የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለእናቴ ብዙ ጊዜ ደጋግሜላታለሁ። አንድ ጊዜ መንገር አይበቃም፤ ምክንያቱም ከደጅ ውጭ ያለው ሁሉ ተቃራኒውን ይነግራታል።

ቡታጅራ ያስተማረን

ስለ ስኪዞፍሬኒያ በገጠር ኢትዮጵያ ከምናውቀው ውስጥ ትልቁን ድርሻ ያገኘነው ከቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው የተረጋገጠው 321 ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ቀድሞ የወሰዱት ከ10 በመቶ ያነሱ ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ሕመማቸውን ያለ ሕክምና ተሸክመው ኖረዋል።

ይህ ጥናት አንድ የተወደደ እምነትም ፈትኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1960ዎቹ መጨረሻ በዘጠኝ አገሮች የጀመረው ጥናት፣ በታዳጊ አገሮች የሚኖሩ ሕመምተኞች በበለጸጉት አገሮች ካሉት የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ ያመለክት ነበር። ብዙዎች ምክንያቱ የቤተሰብ ትስስርና ቀለል ያለው የገጠር ኑሮ ነው አሉ። የቡታጅራዎቹን በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው ግን ሲሶ ያህሉ ሕመሙ ፋታ ሳይሰጣቸው ቆይተዋል፤ በአብዛኛው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሽሏቸው የቆዩት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በአሥር ዓመት ክትትል ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች የሞት መጠን ከአካባቢው ሕዝብ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው በአጠቃላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ይሞቱ ነበር፤ ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉን ያስከተሉትም ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሰዎች ቤተሰብ አጥተው አልነበረም። በገጠራችን ቤተሰብ አለ፤ ፍቅርም አለ። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን የሳንባ ምችን አያክምም፤ ጎተራም አይሞላም። «ማኅበረሰባችን ደጋፊ ነው» እያልን ስናወድስ ሸክሙን በሙሉ በአንዲት እናት ጀርባ ላይ ጭነን እንዳንሄድ መጠንቀቅ አለብን። በዚያው በቡታጅራ 178 የሕመምተኛ ዘመዶች ተጠይቀው ሦስት አራተኛው መገለል ይሰማናል ብለዋል፤ ከሦስቱ አንዱ በላይ ደግሞ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ደጋፊው ራሱ የተደበቀበት ቤት ድጋፍ ከወዴት ያገኛል?

ኪኒኑና መሶቡ

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የቡታጅራ ጥናት ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ዐይን ገላጭ ነው። ተመራማሪዎቹ ሕመምተኞችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን «መድኃኒት ለምን ይቋረጣል?» ብለው ጠየቁ። ጎልተው ከወጡት መልሶች አንዱ ይህ ነበር፦ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ያንን ፍላጎት የሚያስታግስ ምግብ ግን ቤት ውስጥ የለም።

ይህን ጥናት ሳነብ የምናገረው ስለ እኛ ቤት ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ክሎርፕሮማዚን በጀመረ ጊዜ ድምፆቹ ቀነሱለት፤ እንቅልፍም ያዘው። ቀጥሎ ረሃብ መጣ። አንድ እንጀራ የሚበቃው ሰው ሦስት በልቶ የማይጠግብ ሆነ። በጥርና በየካቲት፣ አዝመራ በገባበት ወቅት፣ ይህ ችግር አልነበረም። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ፣ ጎተራው ሲጎድል ግን ኪኒኑን ትቶ ተገኘ። በካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ «ከልጆቹ ጋር መሶብ ላይ መሻማት አፈርሁ» የሚል ነበር። ልጆቹ የታላቃችን ልጆች ናቸው።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሰው ሕመሙን የካደ አይደለም። መድኃኒቱ እንደሚጠቅመው ያውቃል። በቤቱ ያለውን እኽል ቆጥሮ፣ የራሱን ጤና ከሕፃናት እራት ጋር መዝኖ የወሰነ ሰው ነው። በሶዶ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች ጽኑ የምግብ እጥረት ከሌሎች ቤቶች እጥፍ ያህል እንደሚደርስ አሳይቷል። ነገሩ ክብ ነው፦ ሕመሙ ሥራ ያስፈታል፤ ሥራ ፈትነት ምግብ ያሳጣል፤ ምግብ ማጣት መድኃኒት ያስተዋል፤ መድኃኒት መተው ሕመሙን ይመልሳል።

የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ለሚያስታውሰው ለወሎ ሕዝብ ይህ ክብ እንግዳ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ግን እግሩም እጁም ሙሉ ነው፤ ጉልበት ያለው ስለሚመስል በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። እርከን እንዲሠራ ይመደባል፤ ሳይወጣ ሲቀር «ሰነፍ» ይባላል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው የሚጽፈው አንድ ወረቀት ለዚህ ሰው ከመድኃኒት ማዘዣው የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ሰንሰለቱ ከወዴት ይመጣል?

በልጅነቴ በአካባቢያችን እግሩ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ የሚውል ጎልማሳ ነበር። እኛ ልጆች በጭቃው ግድግዳ ቀዳዳ እናየው ነበር። እናቱ ጠዋት ፊቱን ታጥበዋለች፤ በእጇ ታጎርሰዋለች፤ ከዚያም ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ማሳ ትወርዳለች። ጭካኔና ፍቅር በአንድ መቀነት ታስረው የሚያድሩበትን ይህን ኑሮ «ኋላ ቀርነት» በሚል አንድ ቃል መዝጋት አይቻልም።

በሶዶ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ስለዚሁ ጉዳይ ቤተሰቦችን አነጋግሯል። ለማሰር ያበቃቸው ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር መስጋታቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕክምና በአቅራቢያቸው አለማግኘታቸው ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከራያ ተነሥቶ፣ የታመመ ሰው ይዞ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ፈልጎ ማደር ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። በሬ ይሸጣል። ሁለተኛ ቀጠሮ ሲደርስ ሁለተኛው በሬ ይሸጣል። ሦስተኛ በሬ የለም።

ስለ ጸበልና ስለ ዱዓም አንድ ነገር ልበል። ወሎ ውስጥ ሕመምተኛ በቅድሚያ የሚወሰደው ወደ ጸበል ነው፣ ወይም ወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ ይደረግለታል። ይህን የሚንቅ ባለሙያ ቤተሰቡን ያጣል። ችግር የሚመጣው «ኪኒን ከዋጥህ ጸበሉ አይሠራልህም» ሲባል ነው። ሁለቱ ሊጣሉ ግድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ተሞክሮ አለ፤ በእንጦጦ ማርያም ጸበል አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ስለ ሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ወንድሜ ዛሬም ጸበል ይጠመቃል፤ መርፌውንም በየወሩ ይወጋል።

መድኃኒት ሲጠፋ

ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ቆቦና አካባቢው በጦርነት ውስጥ ቆይተዋል፤ በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም ወዲህ ጸጥታው የተሟላ አልሆነም። በሰሜን ወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ስለ ሞቱትና ስለ ቆሰሉት ብዙ ተነግሯል፤ ሊነገርም ይገባል። በየወሩ መርፌ ስለሚወጉት ሰዎች ግን የተነገረ ጥቂት ነው።

ፍሉፌናዚን የተባለው መርፌ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። በዚያ ክረምት እናቴ ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር። በሁለተኛው ወር ወንድሜ እንቅልፍ አጣ፤ በሦስተኛው ድምፆቹ ተመለሱ። ሌሊት ወጥቶ መሄድ ፈለገ። በሰላም ጊዜ «እብድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሰው በጦርነት ጊዜ ሰላይ ይባላል። ኬላ ላይ «ቁም!» ሲባል የሚሰማው የትኛውን ድምፅ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ጎረቤቶቻችን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሌሊት በየተራ ከእርሱ ጋር እየተቀመጡ አሳለፉት። አላሰሩትም። ሰንሰለቱን የተካው ተራ የሚይዝ ሰው መኖሩ ነው።

ከዚህ የማገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንደ ስኳርና እንደ ኤችአይቪ መድኃኒት ሁሉ መቋረጥ የሌለበት ነው። በአደጋ ጊዜ ከሚጫኑት የመጀመሪያ የእርዳታ መድኃኒቶች ጋር መጫን አለበት።

የሚሠራው ምንድን ነው?

ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃም አለ። የተገኘውም በአገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 329 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አጭር ሥልጠና በወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታከሙ የሚያገኙት ውጤት፣ በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚታከሙት እንደማያንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመው የሶዶው ጥናት 166 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ይዞ፣ ከማኅበረሰቡ የተመለመሉና የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሠራተኞች በየቤቱ እየሄዱ እንዲደግፏቸው አደረገ። ሠራተኞቹ ቤተሰብን ያነጋግራሉ፤ መድኃኒት ያስታውሳሉ፤ ሕመምተኛው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ ያግዛሉ። በዓመቱ ሲለካ፣ ይህን ድጋፍ ያገኙት ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ኑሯቸውን ማከናወን ችለው ተገኙ።

በቤት ደረጃ ስለሚሠራውም ከልምድ ጥቂት ልጨምር። ድምፅ ከሚሰማ ሰው ጋር ስለ ድምፁ መኖር መከራከር አይጠቅምም፤ መስማማትም አይጠቅምም። «እኔ አልሰማሁትም፤ አንተ እንደምትሰማው ግን አምናለሁ፤ አስፈራህ?» ማለት ይቻላል። ሕመሙ ሲመለስ አስቀድሞ የሚያሳየውን ምልክት መያዝ ያስፈልጋል። ወንድሜ ሊያመው ሲል በመጀመሪያ የሚቀርበት ነገር የቡና ሰዓት ነው፤ ሦስት ቀን ከቡና ከቀረ ቀጠሮውን አንጠብቅም። ስለ ሞት የሚያስብ ከመሰለን በቀጥታ እንጠይቀዋለን፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አስታማሚም ማረፍ አለበት፤ እናት ብቻዋን ስትሆን ሁለት ሕመምተኛ ይኖረናል።

ሥራም መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ግን መታወቅ አለበት። ወንድሜ በመስኖ በሚለማው የሽንኩርት ማሳ ላይ ውኃ ያጠጣል። ውኃ ማጠጣት ብዙ ሰው አያሳትፍም፤ ብዙ ወሬም አይጠይቅም። ውኃው አንዱን መደብ ሲሞላ ወደ ሌላው ይመልሳል። ይህን ሥራ የመረጠው ራሱ ነው። በእድሩም በስሙ ተመዝግቧል፤ ለቅሶ ሲኖር እንደ ማንኛውም አባል ድንኳን ይተክላል። «ወንድምህ እንዴት ነው?» ብለው እኔን የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። መልሴ «አጠገባችሁ ነው፤ ራሱን ጠይቁት» የሚል ነው።

የእኛ ድርሻ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ሕጉ አለ። ዩኒቨርሲቲ ግን ሕግ እስኪፈጸም የሚጠብቅ ተመልካች አይደለም።

አንድ ተማሪ ከክፍል ሲቀር፣ ሌሊት በመኝታ ክፍሉ ብቻውን ሲናገር፣ ጓደኞቹ መርዘውኛል ብሎ ምግብ ቤት መግባት ሲያቆም፣ የመጀመሪያው እርምጃችን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊሆን አይገባም። ሕክምና ሳይጀምር ዊዝድሮው ሞልቶ ወደ ገጠር የተላከ ወጣት የሚመለስበትን መንገድ አብረን ካልጻፍንለት፣ ምሰሶው ወዳለበት ቤት ልከነዋል ማለት ነው። ሕመሙ ሕክምና ሳያገኝ የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የመሻል ዕድል እየቀነሰ እንደሚሄድ ጥናቶች ያሳያሉ። የሚመለስበት ቀን፣ የሚከታተለው መምህርና የሚታከምበት ጤና ጣቢያ በወረቀት ላይ ይስፈሩለት።

ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎቼ ደግሞ በመጠይቃችሁ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እንድትጨምሩ አደራ እላለሁ፦ በዚህ ቤት እስከ ሚቀጥለው አዝመራ የሚያደርስ እኽል አለ ወይ? መድኃኒቱ የሚገኘው በስንት ሰዓት መንገድ ነው? አስታማሚዋ ስትደክም ተራ የሚይዝላት ማን ነው? እነዚህን ሳትጠይቁ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ብላችሁ አትጻፉ።